ወይን ጠጅ ጉርድ ፍለጋ

እናንተዬ፣ የወላጅ ስብሰባ ላይ እጅ ማውጣት የሚያመጣውን መዘዝ የምታውቁ ከሆነ ይህን ወግ ዝለሉት። የማታውቁ ከሆነ ግን ቁጭ በሉና ስሙኝ፤ እኔም ሳላውቅ ነው ያወጣሁት።

ነገሩ የተጀመረው በነሐሴ መጨረሻ ነው። የልጄ ትምህርት ቤት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን ለብቻ ለይቶ መካከለኛ ደረጃ ካደረገ ወዲህ፣ ተማሪዎቹ ከትንንሾቹ የሚለዩበት አዲስ የአለባበስ ደንብ ይውጣ ተባለና ወላጅ ተጠራ። ባለቤቴ አስቴር ጤና ጣቢያ ተረኛ ስለነበረች "አንተ ሂድ፤ ግን እባክህ ዝም ብለህ ቁጭ በል" አለችኝ። አስቴር ስትቆጣ በሀዲይኛ፣ ስታሾፍ በአማርኛ ነው የምትናገረው። ይህን ያለችኝ በሀዲይኛ ነበር። መስማት ነበረብኝ።

ስብሰባው በቀሚስ ርዝመት ተጀመረ። "ከጉልበት በታች አራት ጣት" አሉ የተማሪውን ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠሩት ዩኒት ሊደሩ። አንዲት እናት ከኋላ ተነሡና "የማን ጣት?" ብለው ጠየቁ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሴትየዋ ግን የምራቸውን ነበር፤ ባለቤታቸው ግንበኛ ናቸው፣ የእሳቸው አራት ጣት የእኔን ስድስት ያህላል። ከብዙ ክርክር በኋላ "የእናቷ ጣት" ተብሎ ተወሰነ። ከዚያ ወደ ቀለም ተሻገርን። አንዱ ነጭ ይሁን አለ፤ የከተማችንን የሆሳዕናን ጭቃ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየው ራሱ ቁጭ አለ። ሌላው ግራጫ አለ፤ "ልጆቻችን ዘበኛ ሊመስሉ ነው እንዴ?" ተባለ።

ይሄኔ ነው ሰይጣን እጄን ወደ ላይ ያነሣው።

ለምን እንዳነሣው ለመረዳት ስለ ጋዋኔ ማወቅ አለባችሁ። እኔ በቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የምዘምር ቤዝ ነኝ። ቁመቴ አጭር ነው፤ ቢሮ ውስጥ ከጠረጴዛዬ ስነሣ "ቁጭ በል እንጂ" የሚሉኝ አሉ። ጋዋኔን ስለብስ ግን ሌላ ሰው ነኝ። ወይን ጠጅ ነው፤ ከታች ዙሪያውን ወርቃማ ጥብጣብ አለው። ለሁላችንም በአንድ ልክ ስለተሰፋ እኔ ላይ የሚተርፈው ጨርቅ ለሌላ ሰው ይበቃል። ቢሆንም ግርማ ሞገስ ይሰጠኛል። አስቴር እንኳ "ጋዋን ስትለብስ እኮ ሰው ትመስላለህ" ትለኛለች። በአማርኛ ነው የምትለው፤ ግን ይሁን።

"ወይን ጠጅ ይሁን!" አልኩ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጭብጨባ ደግሞ የኔ ድክመት ነው፤ አንዴ ከሰማሁ ማንም አያቆመኝም። እንደገና እጄን አወጣሁ። "አንድ ወጥ ወይን ጠጅ! ያለ ምንም መስመር፣ ያለ ምንም ጌጥ!" አሁንም ተጨበጨበ። ሐሳቡ እንዳለ ጸደቀና "ከመስቀል በኋላ ካለው ሰኞ ጀምሮ ያላሟላ ተማሪ በር አያልፍም" ተባለ። ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ቃልኪዳን ሰባተኛ ክፍል ናት። በእናቷ ወገን ወጥታ ክረምቱን ሙሉ ስታድግ ከረመች። ሰኔ ላይ ትከሻዬ ጋ የነበረች ልጅ መስከረም ሲጠባ ራሰ በራዬን ቁልቁል ታየው ጀመር። እኔ ኮራሁ። የክፍል ጓደኞቿ ግን "ታወር" የሚል ስም አወጡላት። "ታወር፣ ዛሬ ኔትዎርክ አለ?" ይሏታል። ልጆች ናቸው፤ ይስቃሉ፣ ይረሳሉ። እሷ ግን አልረሳችም። ቀስ በቀስ ጎበጥ ብላ መሄድ ጀመረች። ስትቀመጥ ከኋላ፣ ስትሰለፍ ከኋላ ሆነች። መልሱን እያወቀች መምህር ሲጠይቃት ዝም ትላለች። ድምጿ ራሱ አነሰ፤ እራት ላይ "ዳጣውን አቀብለኝ" ስትል ሁለቴ ማስደገም ግድ ሆነብን።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና "አባ" አለችኝ።

"ወዬ።"

"የዚያን ሰኞ ሰልፍ ላይ ልክ እንደ ሌሎቹ ሆኜ ልቁም። ማንም እንዳያየኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

የሰው ልጅ አባቱን ጫማ ይጠይቃል፣ ስልክ ይጠይቃል። የኔዋ የጠየቀችኝ እንዳትታይ ነው። ምን ይባላል? "ይሄማ ቀላል ነው የኔ እመቤት!" አልኳት። እኔ ቀላል ነው ያልኩት ነገር ቀሎ አያውቅም።

በማግስቱ ተያይዘን የተሰፋ ዩኒፎርም የሚሸጥበት ሱቅ ሄድን። ትልቁን ጉርድ አመጡላት። ለካች። ከጉልበት በታች አራት ጣት መሆኑ ቀርቶ ከጉልበት በላይ አራት ጣት ሆነ። ሻጩ ወጣት አገጩን ይዞ አያትና "ትንሽ ሸብረክ ብትል እኮ ይደርሳል" አለ። እንዲህ ያለ ሰው ቢያንቁት ኃጢአት ነው? ቃልኪዳን ከሱቁ ስንወጣ ስንገባ ከነበረችው የበለጠ ጎብጣ ነበር።

ስለዚህ ጨርቅ ገዝቶ ማሰፋት ነው። ጨርቅ ተራ ገባሁ። "ወይን ጠጅ አለ?" የመጀመሪያው ነጋዴ "አልቋል" አለኝ። ሁለተኛውም አልቋል። ሦስተኛዋ ባለሱቅ ደግሞ "ምን እባክህ፣ አንድ ትምህርት ቤት ድንገት ወይን ጠጅ ብሎ ነው ከተማውን ያራቆተው። ጨርቅ የሚያመጣው መኪና ከመስቀል በኋላ ነው የሚመጣው። የትኛው ጅል እንደመረጠው እንጃ" አለችኝ።

"አዎ፣ የትኛው ይሆን" አልኩና ወጣሁ።

ፎንቆ ገበያ ላይ ይገኛል የሚል ወሬ ሰማሁ። ቢሮ አስፈቅጄ መናኸሪያ ሄድኩ። "ፎንቆ! ፎንቆ! አንድ ሰው!" እያለ የሚጮህ ረዳት ጎትቶ አስገባኝ። አንድ ሰው ያለው እውነቱን ነው፤ ውስጥ የነበርኩት አንድ ሰው እኔ ነበርኩ። ሌላው እስኪሞላ ቁጭ ብዬ ስንት መዝሙር በሐሳቤ ጨረስኩ። ፎንቆ ስደርስ ደግሞ ዝናቡ ዘረገፈው። ሮጬ አንድ ቀይ ሸራ ሥር ገባሁ። ቀና ስል፣ ስሙ ይባረክ፣ ፊት ለፊቴ ወይን ጠጅ ጨርቅ! ዳሰስኩት፤ ወፍራም ነው። አየሁት፤ ራሱ ነው፣ ቁርጥ ጋዋኔን። ሳልከራከር አስቆረጥኩና በፌስታል ጠቅልዬ፣ እንዳይረጥብ እቅፌ ውስጥ ሸጉጬ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

ደጃፌ ላይ ስደርስ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥቷል። አስቴር ጨርቁን ዘርግታ አየችው። ከዚያ እኔን አየች።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ወይን ጠጅ።"

"ይሄ ደበርጃን ነው" አለች።

እውነትም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሐምራዊ ነው። ያ ቀይ ሸራ ነው ጉድ የሠራኝ። ጨርቅ ሸራ ሥር አይታይም፣ ፀሐይ ላይ ይውጣ እንጂ፤ ይህን ሆሳዕና ውስጥ የማያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ደግነቱ አስቴር የተናገረችው በአማርኛ ነው፤ ስለዚህ ተረፍኩ። ጨርቁ አሁን የሳሎናችን መጋረጃ ሆኖ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ፊቱ ይጠቁራል፤ "ምነው አሞሃል?" ብለው የጠየቁ አሉ።

ከዚያ መስቀል መጣ። መስቀል እኛ አገር ሲመጣ ሌላ ነገር ሁሉ ይቆማል። ሰው ሁሉ ወደየገጠሩ ይገባል፤ ሥጋው፣ ቅቤው፣ ከቡላና ከቅቤ የሚሠራው አተካናው! ኳየሩ እንኳ ግማሹ ከተማ ስለማይኖር የዚያን እሁድ አያገለግልም። እኔም ሆመቾ እናቴ ቤት ሆኜ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ሣቅሁ። ግን ቃልኪዳን ከአጎቶቿ ልጆች ኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ሳያት ያ ሰኞ ትዝ ይለኛል።

አርብ ከገጠር ተመለስን። መኪናው አልመጣም፣ ጨርቅ የለም። አስቴርና ቃልኪዳን ጎረቤት ሲሄዱ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ጋዋኔ ተንጠልጥሏል። ተኩሳ ያስቀመጠችው ልጄ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የእሷ ሥራ ነው። ዘጋሁት። ከፈትኩት። የኳየሩ መሪ ወንድም ጴጥሮስ ታየኝ። ወንድም ጴጥሮስ ሲናገር ኮስተር ያለ ሰው ነው፤ "ጋዋን የሌለው መድረክ አይረግጥም" የምትል ቃል አለችው። አንዴ አንዱን ቴነር ጋዋኑ ስላልደረቀለት ከደረጃው መልሶታል። ዘጋሁት። ከዚያ ግን "ማንም እንዳያየኝ" የምትለው የቃልኪዳን ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባች። "ጌታ ሆይ፣ በኮት ብዘምርም ይሰማሃል አይደል?" አልኩና ጋዋኑን በፌስታል ከትቼ ወጣሁ።

ልብስ ሰፊው ጋሽ ሄራሞ መናኸሪያው አጠገብ ነው የሚሠራው። ስፒል በከንፈሩ ስለሚይዝ ጥርሱን ነክሶ ነው የሚናገረው። ፌስታሉን ከፍቶ አየና "እህ፣ አንተም?" አለ።

"እኔም ምን?"

"ምንም። ልኳን ይዘሃል?"

ሰጠሁት። "ጋሼ፣ አደራ፣ ይህ ነገር በእኛ መካከል ይቅር" አልኩት።

"እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ምን አየሁ ብዬ ነው ማወራው?" አለና ጥብጣቡን ይተረትር ጀመር። "ከታች ካልቆረጥኩት ስፋቱ አይበቃም። ደግሞ ረጅም ናት፣ ትባረክ።" መቀሱን አነሣ። ጨርቁን ሲገምሰው ሳላስበው በቤዝ "ኡ!" ብዬ ጮህኩ። መንገደኛ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ በላይ ማየት አልቻልኩም፤ ወጥቼ ሄድኩ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ጉርዱን አመጣሁ። "ጋሽ ሄራሞ ከሆነ ቦታ ጨርቅ አግኝቶ ነው" አልኳት ለቃልኪዳን። ለበሰችው። ልክክ! አስቴር ተንበርክካ ለካች፤ በእናት ጣት አራት። ቀለሙም ሁለት ሦስቴ የታጠበ ይመስላል እንጂ ራሱ ነው። ደስታዬ ወሰን አጣ። ከዚያ ቃልኪዳን ወደ በሩ ወጣ አለች፣ ብርሃኑ አገኛት።

ወይ ጉድ! ጋዋኑ በዓመታት ፀሐይና እጥበት ለቋል። ጥብጣቡ የሸፈነው ግን አልለቀቀም። ጥብጣቡ ሲነሣ ሥሩ የነበረው ጨርቅ ጥቁር ወይን ጠጅ ሆኖ ጠርዙን ዙሪያውን ይዞራል። መስመር ነው። ጣት የሚያህል፣ ቁልጭ ያለ መስመር! "ያለ ምንም መስመር!" ብሎ ስብሰባ ላይ የሚጮህ የአንድ ጅል ድምፅ ተሰማኝ። ከሁሉ የምትረዝመው ልጄ አሁን ደግሞ ከሁሉ ተለይታ መስመር ያላት ልትሆን ነው።

ቃልኪዳን ጎንበስ አለች። መስመሩን በጣቷ ዳር እስከ ዳር ዳበሰችው። ከዚያ "አመሰግናለሁ አባ" ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። አስቴር ቁም ሳጥኑን አየች፣ እኔን አየች። በሀዲይኛ አንድ ቃል ተናገረች፤ የዚያን ቀን ግን ቁጣ አልነበረም። እጄን ያዘችኝ።

ሰኞ ጠዋት ደጁ በወላጅ ተሞልቷል። ዩኒት ሊደሩ በሩ ላይ ቆመው አንድ በአንድ እያዩ ያስገባሉ። ቃልኪዳን ተሰልፋ፣ ጎብጣ፣ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። ተራዋ ደረሰ። ዩኒት ሊደሩ አዩዋት፣ ዝቅ ብለው ደግመው አዩ።

"ይሄ ምንድን ነው? መስመር! በዚህ በኩል ቁሚ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰው ሁሉ አያት። ጭራሽ ይሄ ሳያንስ ዩኒት ሊደሩ እኔን አዩኝ። "ይኸው፣ ሐሳቡን ያቀረቡት ወላጅም አሉ! የቃልኪዳን አባት፣ አንድ ወጥ፣ ያለ ምንም መስመር ነው ያሉት አይደል?" አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ስንት ዓመት ቤዝ የዘመርኩበት አፍ!

ሰልፉ ቀጠለ። "መስመር! አንቺም በዚህ በኩል።" ሌላ ልጅ ወጣች፤ ጉርዷ ላይ ጣት የሚያህል መስመር። ዓይኔን አሸሁ። "አንተም!" አንድ ልጅ ወጣ፤ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያው መስመር። ሌላ ደግሞ። ሌላም። ስድስት ሰባት ሆኑ። ቀስ ብዬ ዙሪያዬን ሳይ፣ ኳየሩ ሙሉ በሙሉ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተገኝቷል! ሶፕራኖዋ ማርታ ሰማዩን ታያለች፤ ሊዘንብ ነው ወይስ አይደለም የምትል ትመስላለች። ቴነሩ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጓል፤ ስልኩ ጠፍቷል። ወንድም ጴጥሮስ፣ ያ ኮስታራው ወንድም ጴጥሮስ፣ ጫማውን ይመረምራል። ከተለዩት ልጆች መካከል ሱሪው ላይ መስመር ያለው የእሱ ልጅ ነው። ያ ሁሉ ጭብጨባ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ፤ ወይን ጠጅ ስል ሁሉም ያሰቡት ያንኑ ጋዋን ኖሯል።

ማን ይናገር? መሪው እኛን ያፍራል፣ እኛ መሪውን እናፍራለን።

"ደንብ ደንብ ነው" አሉ ዩኒት ሊደሩ። "እናንተ ተመለሱና አሟልታችሁ ኑ።"

ልጆቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። አንዷ ብቻ አልተንቀሳቀሰችም።

"ቲቸር" አለች ቃልኪዳን።

አልሰሟትም። ደገመችው፤ አሁን ግን ከበሩ ውስጥ ባንዲራው ሥር የተሰለፉት ሁሉ ሰሙ። "ቲቸር! መስመር አይደለም። የአባቴ የኳየር ጋዋን ነው። ጥብጣቡ የነበረበት ቦታ ነው።"

ዩኒት ሊደሩ ዞሩ።

"ጨርቅ ከከተማው ጠፋ። ፎንቆ ድረስ ሄዶ አጣ። ከዚያ ጋዋኑን ቆርጦ ሰጠኝ። አልነገረኝም፤ ግን በየሳምንቱ የምተኩሰው እኔ ነኝ፣ ጠርዙን አውቀዋለሁ።" የጉርዷን ጠርዝ ያዝ አደረገች። "አባቴ እንደዚያ ልብስ የሚወደው ነገር የለውም። ስለዚህ አላወልቀውም።"

ከዚያ ከጎኗ ያለችው ልጅ "የኔም የእናቴ ነው" አለች። "የኔም።" "የኔም።" በመጨረሻ የወንድም ጴጥሮስ ልጅ አባቱን ሰረቅ አድርጎ እያየ "የኔም" አለ። ወንድም ጴጥሮስ ጫማውን መመርመሩን ተወ። ፊቱ ቀልቷል። "እሁድ በነጭ ሸሚዝ ነው የምንቆመው" አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ። ማርታ "አሜን" አለች። ሁላችንም አሜን አልን፤ ቴነሩም ስልኩን ከጆሮው አወረደ።

ዩኒት ሊደሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። የቃልኪዳንን ጉርድ ጠርዝ ደግመው አዩት። "መስመር የሚባለው የተሰፋ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ይሄ አልተሰፋም። ግቡ።"

እኔ ምን ሆንኩ? አለቀስኩ። ሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኮት ለብሼ አለቀስኩ። እኔ ለእሷ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር፤ ያቺ እንዳትታይ የለመነችኝ ልጅ ግን ስለ እኔ ብላ ሰው ሁሉ እያያት ቆመች።

ልጆቹ በበሩ ሲጎርፉ ወላጁ ሁሉ ለማየት ወደፊት ተጋፋ፤ እኔ ከኋላ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ እኔ የሰው ጀርባ እንጂ ሌላ ነገር አይቼ አላውቅም። ከፊቴ ያሉት ረጃጅሞቹ ሳይቀሩ በጣታቸው ቆመው "የኔ የት አለ? የኔዋስ?" ይባባላሉ፤ ያ ሁሉ ልጅ አንድ ዓይነት ለብሶ ማን ማንን ይለያል?

እኔ ግን መንጠራራት አላስፈለገኝም። የቃልኪዳን ራስ ከሁሉም በላይ ነበር። አልጎበጠችም። ባንዲራውን አለፈች፣ የውሃ ቧንቧዎቹን አለፈች፣ ከሁለት ልጆች ጋር እያወራች ሣቀች። እኔ አጭሩ ሰውዬ ከሁሉ ኋላ ቆሜ፣ እስከ ክፍሏ በር ድረስ አየኋት።